የቺፑድ ቁም ሳጥን ቤት ውስጥ ቀለም መቀየር፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ያወቅሁት

ቁም ሳጥናችን ባለ ሦስት በር ነው። የዛሬ 7 ዓመት ተፈታትቶ፣ በካርቶን ታሽጎ፣ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ መጣልን። እኔና ባለቤቴ ወለል ላይ ቁጭ ብለን በካቻቢቴ ገጣጠምነው። ቀለሙ ያኔ በየቤቱ የነበረው ጥቁር ቡናማ ነው። እኛ አገር ደግሞ ለብርዱ ሲባል መስኮት ጠበብ ተደርጎ ስለሚሠራ፣ ክፍሉ ቀን እንኳን ደብዘዝ ይል ነበር። እናቴ ከመንዝ መጥታ አብራን መኖር ስትጀምር ያ ክፍል የእሷ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት “ልጄ፣ ይሄ ሳጥን ማታ ማታ ሰው የቆመ ይመስለኛል” አለችኝ። ቀለሙን ለመቀየር የወሰንኩት ያን ቀን ነው።

ለምን አልሸጥሽውም የሚል አይጠፋም። የቺፑድ ዕቃ እንደ ዝግባ ወይም እንደ ወይራ ዕቃ እየፈቱ የሚገጥሙት አይደለም። ቺፑድ ማለት በሙጫ ተጨፍልቆ የተጋገረ ፍቅፋቂ ነው። ብሎኑ አንዴ ከወጣ ቀዳዳው ይላላል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተፈታ ጭራሽ አይይዝም። የእኛው ደግሞ ባለበት ቆሞ ጠንካራ ነበር። የጎደለው ቀለሙ ብቻ ነው፤ ሁለት የታችኛው ማዕዘኖችም ወለል ሲወለወል ውሃ እየጠጡ አብጠዋል።

መጀመሪያ ያደረግሁትን ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጀምረው እንደኔ ነውና። ወሩ ኅዳር ነበር። ለኅዳር ሚካኤል እንግዳ ስለነበረብን ቸኩያለሁ። ከግድግዳ የተረፈ ግማሽ ባልዲ ውሃ ቀለም ነበረን። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ አበስኩና በብሩሽ ሁለት ጊዜ ቀባሁት። በማግስቱ ደርቆ ሲታይ ያምር ነበር፤ እንግዶቹም አመሰገኑ። ታኅሣሥ ሲጋመስ በእጀታዎቹ ዙሪያ ቀለሙ ማበጥ ጀመረ። አንድ ቀን በጥፍሬ ጫፍ ነካ ባደርገው፣ ልክ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ በመዳፍ ስፋት ተገፎ እጄ ላይ ቀረ። ከሥሩ ያው ጥቁር ቡናማ እንደ ድሮው ያብለጨልጫል። ቀለሙ አንድም ቦታ አልያዘም ነበር፤ ላዩ ላይ ተኝቶ ነው የከረመው።

ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በሙሉ በእንጨት ሥራ ያሳለፉ አንድ አናጢ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሄጄ ለመንኳቸውና መጥተው አዩልኝ። የሳጥኑን ጎን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አደረጉት። “ይሄ እንጨት መሰለሽ? እንጨት ይጠጣል፤ ይሄ አይጠጣም። መስታወት ቀብተሽ ይይዛል ብለሽ ትጠብቂያለሽ? እንዲይዝልሽ ከፈለግሽ መጀመሪያ ቧጭሪው” አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቺፑዱ ላይኛ ልባስ በአብዛኛው ሜላሚን የሚባል፣ ሙጫ ጠጥቶ በሙቀት የተጋገረ ወረቀት ነው። ቀዳዳ የለውም፤ ቀለም ሥር የሚሰድበት ቦታ አያገኝም። በርካሾቹ ዕቃዎች ላይ ደግሞ የታተመ ስስ ወረቀት ብቻ ይለጠፋል፤ እሱ ትንሽ ሲፈተግ ይነሳል። የናንተ የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ከበሩ በስተጀርባ ጥግ ላይ በብርጭቆ ወረቀት አራት አምስት ጊዜ ሸርሸር አድርጉት። ነጭ ዱቄት ወጥቶ ገጹ ብቻ ከደበዘዘ ሜላሚን ነው። ቶሎ ቡናማ ሆኖ የቺፑዱ ቅንጣት ከታየ ወረቀት ነውና እጃችሁን በጣም አቅልሉ።

ሁለተኛው የኔ ጥፋት ቅባቱ ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ኋላ ስፈትገው ራሴ ደረስኩበት። ያ ክፍል ቡና የሚቆላበት፣ ዕጣን የሚጨስበት ክፍል ነው። የስንት ዓመት ጭስ ላዩ ላይ ተጋግሯል። እናቴ ደግሞ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፤ በሩን የምትከፍተው በዚያው እጇ ነው። ቀለሙ ቀድሞ የተነሳው በእጀታዎቹ ዙሪያ የሆነው ለዚህ ነው። ቅቤ ያለበት ቦታ ላይ ቀለም ሲቀባ ምስር የሚያህል ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። ስለዚህ አሁን ሥራውን የምጀምረው በሞቀ ውሃና በዱቄት ሳሙና ነው። ጨርቁ በደንብ የተጨመቀ ይሁን፤ ውሃ ወደ ጠርዙ እንዳይገባ። ከዚያ በንጹሕ ውሃ፣ በመጨረሻም ፋርማሲ በሚሸጠው አልኮል ማበስ ነው። ጨርቁ ቢጫ መሆኑን እስኪያቆም አበስኩ፤ ለእጀታዎቹ አካባቢ ብቻ አራት ጨርቅ ጨረስኩ። ቅባቱ ሳይለቅ ብርጭቆ ወረቀት አታስነኩት፤ ፍትጊያው ቅባቱን ወደ ጭረቱ ያስገባዋል።

ሦስተኛው ብርዱ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ይታያል። ውሃ ቀለም ደግሞ ከ10 ዲግሪ በታች መቀባት የለበትም። ውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ቅንጣቶች እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ቆዳ የሚሆኑት ሙቀት ሲያገኙ ነው። በብርድ ውሃው ይተንና ቀለሙ የደረቀ ይመስላል እንጂ አልተጋጠመም። የዘይት ቀለም ከአየር ኦክስጅን እየወሰደ ስለሚጠነክር ብርድ ያዘገየዋል፤ ግን እንደ ውሃ ቀለሙ አይፈረካከስም። ስለዚህ ለኛ አገር የኔ ምርጫ የዘይት ቀለም ነው፤ ሽታውን እየጠላሁትም ቢሆን።

ይህን ሁሉ ካወቅሁ በኋላ እስከ ግንቦት ጠበቅሁ። በጥርና በየካቲት ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ መጋቢትና ሚያዝያ በልግ አለ። ግንቦት ላይ ሌሊቱም ለስለስ ይላል፤ ክረምቱ ገና ነው።

እስከዚያው ልጄ ቀለም ስትመርጥ ከረመች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስትመለስ የባሕር ዛፍ ቡቃያ ይዛ መጣች። የደብረ ብርሃን ሰው ያውቀዋል፤ ያደገው ቅጠል ረጅምና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከተቆረጠው ጉቶ የሚያቆጠቁጠው ግን ክብ ነው፤ ብር የተነፋበት የሚመስል፣ ከአረንጓዴም ከሰማያዊም ያልለየ። “ይሄን” አለች። ቅጠሉን ይዘን ቀለም መሸጫ ሄድን። ባለሱቁ ልጅ በነጭ የዘይት ቀለም ላይ አረንጓዴ፣ ጥቂት ሰማያዊ፣ ከሁሉም ያነሰ ጥቁር በሲሪንጅ እየለካ ጨመረልን። ያቺ ጥቁር ናት አረንጓዴውን ከሚጮህ ቀለም ወደ ቅጠሉ ያመጣችው። ጥቁሩን በጠብታ ጨምሩ፤ አንዴ ከበዛ ለመመለስ ሌላ ሊትር ነጭ ይፈጃል።

ሱቅ ውስጥ አይታችሁ አትወስኑ። ካርቶን ላይ ቀብተን፣ አድርቀን፣ ካርቶኑን ሳጥኑ ላይ አስደግፈን ጠዋት በመስኮቱ ብርሃን፣ ማታ በአምፖል አየነው። ማታ በቢጫው አምፖል የደረቀ ጎመን መሰለ፤ ስለዚህ ተመልሰን ትንሽ ሰማያዊ አስጨመርንበት። የጨመርነውን ልክ በሙሉ ወረቀት ላይ ጻፍኩ። የሚያስፈልጋችሁን ያህል ደግሞ በአንድ ጊዜ አስበጥብጡ፤ ሁለተኛው ብጥብጥ ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። የኛ ሳጥን ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 1.20፣ ጥልቀቱ 50 ሳንቲም ነው። ፊቱ፣ ሁለቱ ጎኖች፣ አናቱና የበሮቹ ጀርባ ተደምሮ 7 ካሬ ሜትር ተኩል አይሞላም። አንድ ሊትር የዘይት ቀለም በአንድ እጅ፣ ማለትም አንዴ ሲቀባ፣ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ለሁለት እጅ አንድ ሊትር ተኩል፣ ከቀለሙ በፊት ለሚቀባው ማያያዣ፣ ለፕራይመሩ፣ አንድ ሊትር በቃን። ቀለሙ ሕፃን ባለበት ቤት የሚገባ ከሆነ የእርሳስ ይዘቱ በቆርቆሮው ላይ መጻፉን እዩ። በአገራችን ደንብ የተፈቀደው ጣሪያ 90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን 90 እጅ) ነው።

ወደ ሥራው ልመለስ። ሳጥኑን አትፈታቱት። በሮቹን፣ መሳቢያዎቹን፣ እጀታዎቹንና ማጠፊያዎቹን ብቻ አወጣን። ከኋላ የተመታውን ስስ ሰሌዳ እንዳትነኩት፤ ሳጥኑን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። በእያንዳንዱ በር ላይ ማጠፊያው በሚገባበት ክብ ጉድጓድ ውስጥ 1፣ 2፣ 3 ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩ፤ እዚያ ቀለም አይደርስም፣ ሲገጠምም አይታይም። የላላውን የብሎን ቀዳዳ ጋሼ ያሳዩኝን አደረግሁ፦ የክብሪት እንጨት ኮላ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳው ውስጥ መጠቅጠቅ፣ ማሳደር፣ የተረፈውን በምላጭ መቁረጥ። ብሎኑ እንደ አዲስ ይነክሳል።

ያበጡት ማዕዘኖች የበለጠ ሥራ ነበሩ። በክረምት እንዳትሞክሩት፤ ቺፑዱ ውስጡ ድረስ መድረቅ አለበት። የተነሳውን ልባስ ገለጥ አድርጌ፣ ኮላ በሲሪንጅ አስገብቼ፣ በሁለት ጣውላ መሃል በሞርሳ አጥብቄ አንድ ቀን አቆየሁት። ጣውላው ላይ ላስቲክ ማድረግ እንዳትረሱ፤ አለበለዚያ ጣውላውም አብሮ ይጣበቃል። የቀረውን ጉድጓድ በስቱኮ ሞላሁት። ስቱኮ ስል ግድግዳ የሚለሰንበትን ማለቴ አይደለም፤ እሱ በውሃ ስለሚቦካ ቺፑዱን እንደገና ያሳብጠዋል። ጋራዥ ውስጥ ለመኪና የሚጠቀሙበትን፣ ማጠንከሪያ የሚጨመርበትን ግዙ። በደቂቃዎች ስለሚጠነክር እንቁላል የምታህል ብቻ እያቦካችሁ ሥሩ። ሳጥኑንም 5 ሳንቲም ውፍረት ያለው እንጨት ከሥሩ አስገብተን ከወለሉ አነሳነው። ከዚያ ወዲህ የመወልወያው ውሃ አይደርስበትም።

ፍትጊያው ግማሽ ቀን ወሰደ። 180 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ጠቅልሎ፣ አፍና አፍንጫን ሸፍኖ፣ ውጭ ላይ ነው የሚሠራው። የሚፈለገው ልባሱን ማንሳት አይደለም፤ ማብለጭለጩን ማጥፋት ብቻ ነው። በሩን ወደ ብርሃን አጋድማችሁ በጎን እዩት፤ የሚያበራ ነጥብ ካለ ያ ቦታ አልተነካም። እኔ አንድ ማዕዘን ላይ እጄ ከብዶ የቺፑዱ ቅንጣት ወጣብኝ፤ እዚያች ቦታ ላይ ፕራይመሩን ሁለቴ ቀብቼ፣ በመሃሉ ፈትጌ አስተካከልኩት። ተቆርጦ የሚታየውን የቺፑድ ጠርዝ ሁሉ እንደዚያው ሁለቴ ቀቡት፤ ሲጠጣ ማቆሚያ የለውም።

ፕራይመር ስትገዙ “ለስላሳ ገጽ ላይ የሚይዝ” ብላችሁ ጠይቁ። ከጠፋ በዘይት የሚሠራው የእንጨት ፕራይመር ይሆናል። ሁሉን ከመቀባታችሁ በፊት ግን በር ጀርባ ላይ መዳፍ የምታህል ቦታ ቀቡና ሦስት ቀን ጠብቁ። በምላጭ መስቀለኛ ጫር ጫር አድርጉበት፣ ፕላስተር ለጥፋችሁ በኃይል ሳቡት። ፕላስተሩ ቀለም ይዞ ከመጣ ወደ ሳሙናውና ወደ ፍትጊያው ተመለሱ። የኔው ንጹሕ ሆኖ መጣ። ይህችን ሙከራ በኅዳር አድርጌ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ድካም ባልደከምኩ።

ሰዓቱን በተመለከተ ጥብቅ ሁኑ። የምቀባው ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ነው። ፀሐይ ላይ ግን አይደለም፤ የደጋ ፀሐይ ላዩን ቶሎ ቆዳ ያስይዝና ሥሩ እርጥብ ሆኖ ይጨማደዳል። በረንዳ ላይ፣ ጥላው ውስጥ፣ በሮቹን ጡብ ላይ አጋድሜ ነው የሠራሁት። ከ10 ሰዓት በፊት ደግሞ ሁሉም ወደ ቤት ይገባል። አንድ በር አምሽቶብኝ ቅዝቃዜው ወረደበት፤ ጠዋት ገጹ ትንፋሽ እንደነፉበት መስታወት ደብዝዞ አገኘሁት። ለሱ ሲባል አንድ ተጨማሪ እጅ ሄደ።

ለጠፍጣፋው ገጽ ትንሿን የስፖንጅ ሮለር፣ ለጠርዙ ብሩሽ ተጠቀምኩ። ስስ አድርጎ መቀባት ነው። የመጀመሪያው እጅ ከሥሩ ያለውን ቢያሳይም አትደንግጡ፤ ወፍራም ቀለም በጠርዙ ተንጠባጥቦ እንደ ሻማ ይደርቃል። በቆርቆሮው ላይ 24 ሰዓት ቢልም እኔ በሁለቱ እጅ መካከል 48 ሰዓት ጠበቅሁ፤ በ320 ቁጥር ለስለስ አድርጌ ፈተግሁ፣ አቧራውን አበስኩ፣ ቀጠልኩ።

አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። እናቴ ብርዱን አይታ “ከሰል አቀጣጥለሽ አጠገቡ አስቀምጪለት፣ ቶሎ ይደርቃል” አለችኝ። ለኛ ሰው የመጀመሪያው ሐሳብ ይህ ነው፤ በክፋት አይደለም። ግን የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው የቲነር ትነት እሳት ይይዛል። ከከሰል የሚወጣው መርዛማ ጋዝ ደግሞ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሽታ ሳይኖረው ሰው ይገድላል። ቀለም ባለበት ክፍል ከሰልም፣ ሻማም፣ የቡና ምድጃም አይግባ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም አይደር። እናቴን ለ10 ቀን ወደኛ ክፍል አዛወርናት። ዘይት የነካውን ጨርቅም ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፤ ተጠቅልሎ ሲቆይ ራሱ በራሱ ሊግል ይችላል።

የሳጥኑን ሆድ ዕቃ አልቀባሁትም፤ እናንተም ተዉት። የዘይት ቀለም በተዘጋ ቦታ ሽታው ለወራት ይቆያል፤ ነጠላና ጋቢ ይዋሰዋል። መደርደሪያዎቹ ከተጎዱ የሚለጠፈውን ፕላስቲክ፣ ስቲከር የምንለውን፣ አልብሷቸው። እኔ ሦስቱን መሳቢያዎች አለበስኳቸው፤ የእንጨት መልክ ባለው። ስቲከር በብርድ እንደ ካርቶን ይደርቃል፤ ሙጫውም ይተኛል። ጥቅሉን ሙቀት ያለበት ክፍል አሳድሩት። መሳቢያው ፊት ላይ ጥቂት የሳሙና ውሃ እርጩ፤ ቢጣመምባችሁ አንሸራትታችሁ ለማስተካከል ይረዳል። ሽፋን ወረቀቱን አንዴ ሙሉውን አትግፈፉ፤ በ10 ሳንቲም እየገለጣችሁ፣ በጨርቅ በተጠቀለለ የፕላስቲክ ካርድ ከመሃል ወደ ዳር ግፉት። ማዕዘኑ ላይ በፀጉር ማድረቂያ ሲሞቅ ይለመጣል፤ ያኔ ሳብ አድርጋችሁ ወደ ጀርባ ሦስት ሳንቲም አጥፉት።

ሸዋ ሮቢት ያለችው እህቴ የኔን አይታ የራሷን ስትሠራ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠባት። እዚያ ቆላ ነው። ጣርማ በርን ወርዳችሁ ደብረ ሲናን ካለፋችሁ በኋላ ሹራብ የሚያስወልቅ ሙቀት ነው። ቀለሙ ብሩሹ ላይ እያለ ይወፍርባታል፤ ስቲከሩ በቀትር ሙጫው ላልቶ ማዕዘኑ ይሸሻል። እሷ የምትቀባው ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ነው። ስቲከሩን ጨርሳ ተወችው። ስለዚህ የኔን ሰዓት እንዳለ አትውሰዱት፤ የአገራችሁን አየር እዩ።

በሮቹን መልሰን ስንገጥም መጀመሪያ አንገጥምም አሉ። የቀለሙ ውፍረት ክፍተቱን አጥብቦታል። ማጠፊያው ላይ ያሉትን ሁለት ብሎኖች አንዱን እያላሉ ሌላውን እያጠበቁ በሩን ወደ ጎን ማስኬድ ይቻላል፤ በሩብ ዙር እየሞከርን በአንድ ሰዓት አስተካከልነው። ከዚያ በሮቹን ክፍት ትተን ሦስት ሳምንት ልብስ ሳናስገባ ቆየን። ቀለሙ ቢነኩት የደረቀ ነው፤ ግን ገና አልጠነከረም። ያን ጊዜ የተዘጋ በር ከሳጥኑ ጠርዝ ጋር ይጣበቅና ሲከፈት ቀለሙን ይዞ ይነሳል።

እናቴ ወደ ክፍሏ የተመለሰች ቀን መጀመሪያ ያደረገችው በእጀታው ሥር፣ ያ ቀለም የተገፈፈበት ቦታ ላይ፣ በጥፍሯ መጫር ነው። ደግማ ጫረች። ምንም አልወጣም። “ይዟል” አለችና ጋቢዋን አጣጥፋ አስገባች።

አሁን ሁለት ዓመት ሆኖታል። በቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ቁልፉ እየነካው ሩዝ የምታህል ቦታ ተነስታ ነበር። የተረፈውን ቀለም በትንሽ ብልቃጥ አፉ ድረስ ሞልቼ፣ አየር እንዳይገባው ክዳኑን በላስቲክ አጥብቄ፣ የብጥብጡን ልክ የጻፍኩበትን ወረቀት ላዩ ላይ ለጥፌ አስቀምጬው ስለነበር በክብሪት እንጨት ጫፍ ነክቼ ሞላኋት። ብልቃጡ አሁንም ግማሽ አለ።